ዳገት የጠላችው ኮሮላ

ሱሉልታ የሚኖር ሰው የመኪናውን ጤና የሚያውቀው ማታ ነው። ከሥራ ወጥተህ፣ አዲሱ ገበያን አልፈህ፣ የእንጦጦን ጎን ይዞ ወደ ጎጃም የሚወስደውን መንገድ መውጣት ስትጀምር ሞተሩ ቀን የደበቀውን ሁሉ ያወጣዋል። የእኔ ኮሮላ 2003 ሞዴል ናት፤ ባለ 1.6 ሞተር፣ ማንዋል፣ ከአውሮፓ የገባች። ያንን ዳገት ለዓመታት በሦስተኛ ማርሽ ስትወጣው ኖራ ጥቅምት ላይ በሁለተኛ ካልሆነ አለች። ኅዳር ላይ ሁለተኛውም ከበዳት። ታኅሣሥ ሲገባ ሲሚንቶ አራግፎ ከሚመለስ ሲኖ ኋላ ተለጥፌ፣ እሱን እንኳ መቅደም አቅቶኝ፣ ጭሱን እየማግኩ ቤቴ የምገባ ሰው ሆንኩ።

መጀመሪያ ያደረግኩት ሰበብ መፈለግ ነው። «ከፍታ ነው» አልኩ። ውሸትም አይደለም። ሱሉልታ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር ከፍ ትላለች፤ እዚህ ያለው የአየር ግፊት ጂቡቲ ወደብ ላይ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል፤ ቱርቦ የሌለው ሞተርም ጉልበቱ በዚያው ልክ ይቀንሳል። ግን ከፍታው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ አልጨመረም። ቀጥሎ «ቤንዚኑ ነው» ብዬ ማደያ ቀየርኩ። የአየር ፊልትሮ አስቀየርኩ። ለሁለት ቀን የተሻላት መሰለኝ፤ ገንዘብ ያወጣ ሰው ሁልጊዜ የተሻለ ይመስለዋል።

ጠባይዋ እንዲህ ነበር። ቆማ ስትሠራ ምንም አትልም። ሜዳ ላይ እስከ 60 ድረስ ደህና ትሄዳለች። ከዚያ በላይ ቤንዚን ስትሰጣት ድምፅዋ ይጨምራል እንጂ ፍጥነቷ አይጨምርም፤ አፉን በጨርቅ ይዘውት ሩጥ እንደሚሉት ሰው። ነዳጅ መጠጣቷ ጨመረ። ዳገት ጨርሼ ስቆም ደግሞ የተበላሸ እንቁላል የሚመስል ሽታ ወደ ውስጥ ይገባል። ልጄ እኔን ነበር የምትጠረጥረው።

ዋናው ጥፋት ግን የእኔ ነው፤ የተጀመረውም መስከረም ላይ ነው። የክረምቱ ጭቃ ሲያበቃ መኪናዋን ላቫጆ ወሰድኳት። ልጁ ኮፈኑን ከፍቶ «ጋሼ፣ ሞተሩንም ልምታው?» አለኝ። ምታው አልኩት። በግፊት ውሃ አገላብጦ መታልኝ፤ አብረቀረቀ። አስነስቼ ስወጣ ሞተሩ እየተንቀጠቀጠ ነው፤ ቢጫዋ የሞተር ምልክትም ብልጭ ድርግም ትላለች። በነጋታው መንቀጥቀጡ ቀነሰ፤ መብራቷ ዳገት ላይ ብቻ ብልጭ ማለት ጀመረች። ሰፈር ያለ ጋራዥ ወሰድኳት። ሠራተኛው ኮምፒውተሩን ሰካ፣ አንድ ቁልፍ ተጫነ፣ «ጠፍቶልሃል» አለኝ። ምን እንደጠፋ ግን አላየልኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

እዚህች ላይ ቆም በሉልኝ። ያቺ ምልክት ሳትጠፋ ጸንታ ከበራች ጊዜ አለህ፤ በሳምንቱ ውስጥ አስመርምር። ብልጭ ድርግም ካለች ግን ጊዜ የለህም። ከሲሊንደሮቹ አንዱ እሳት አጥቷል፤ ያልተቃጠለው ቤንዚን እንዳለ ወደ ጭስ ማውጫው እየሄደ ነው ማለት ነው። እግርህን ከነዳጁ አንሳ፣ ቀስ ብለህ ሂድ፣ ቶሎ አቁም። እኔ ለሦስት ወር ያህል ነዳኋት።

ቤንዚኑ የሚሄደው ወደ ካታሊስቱ ነው። ካታሊስት ማለት ከሞተሩ በሚወጣው ቧንቧ ላይ፣ ከማርሚታው (ድምፅ ማፈኛው) በፊት ያለው የብረት ጣሳ ነው። ውስጡ እንደ ማር እንጀራ ቀዳዳ በቀዳዳ የሆነ ሸክላ አለ፤ ሸክላው በፕላቲነም፣ በፓላዲየምና በሮዲየም የተለበጠ ነው። መርዘኛውን ካርቦን ሞኖክሳይድና ያልተቃጠለውን ነዳጅ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውሃ ይለውጣል። ሥራውን የሚጀምረው ወደ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲሞቅ ነው። ጥሬ ቤንዚን ከገባበት ግን እዚያው ውስጥ ይነዳል፤ ሙቀቱ ከ1,000 ዲግሪ ያልፋል፤ ሸክላው ይሰነጠቃል፣ ይቀልጣል፣ ቀዳዳዎቹ ይደፈናሉ። ከዚያ በኋላ ሞተሩ የሳበውን አየር የሚያስወጣበት ያጣል።

ኅዳር መጨረሻ ላይ መብራቷ እንደገና በራች፤ አሁን ጸንታ። ሌላ ጋራዥ ወሰድኳት፤ ኮዱ ፒ0420 ነው አሉኝ። «ኋለኛው ኦክስጅን ሴንሰር ሞቷል፤ ይቀየር።» ተቀየረ። ለሴንሰሩ የከፈልኩት፣ በኋላ እንዳየሁት፣ የችግሩን ሥር ለመንቀል ከሚበቃው በላይ ነበር። በአራተኛው ቀን መብራቷ ተመለሰች።

ፒ0420 «ሴንሰሩ ሞተ» አይልም። የሚለው ካታሊስቱ ከሚጠበቅበት በታች እየሠራ ነው ነው። ኦክስጅን ሴንሰሮቹ ሁለት ናቸው፤ ፊተኛው ከካታሊስቱ በፊት፣ ኋለኛው ከእሱ በኋላ ሆነው በጭሱ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይለካሉ። ሴንሰሩ ወሬውን ያመጣው መልእክተኛ ነው። ይህን ራስህ ማየት ትችላለህ፤ በብሉቱዝ ከስልክ ጋር የሚገናኝ ኢኤልኤም 327 የሚባል ትንሽ መሰኪያ አለ፤ መሪው ሥር ባለው ባለ 16 እግር ሶኬት ይገባል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1996፣ አውሮፓ ደግሞ ለቤንዚን መኪኖች እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ይህንን ሶኬት ግዴታ ስላደረጉ ከዚያ ወዲህ የተሠሩ አብዛኞቹ መኪኖች አላቸው። ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላ ዙሩን በደቂቃ 2,500 ላይ ያዝና ሁለቱን ሴንሰሮች ጎን ለጎን ተመልከት። ፊተኛው ከ0.1 እስከ 0.9 ቮልት ላይ ታች ይዘላል፤ ኋለኛው 0.6 ወይም 0.7 አካባቢ ተረጋግቶ መቀመጥ አለበት። የእኔ ኋለኛ ሴንሰር ግን ከፊተኛው ጋር እስክስታ ይወርድ ነበር። በአንዳንድ መኪኖች ፊተኛው ሌላ ዓይነት ሴንሰር ስለሆነ እንዲህ አይዘልም፤ የኋለኛው መረጋጋት ግን እዚያም ይሠራል።

ቀጥሎ ማርሚታ የሚበይድ ሰው ዘንድ ሄድኩ። አንዴ አንኳኳና «ውስጡን አውጥተን ባዶ እናድርገው፤ ክፍያም አልፈልግም» አለኝ። ደስ አለኝ። ቁልፉን ልሰጠው ስል «የሚወጣውን ነገር ግን እኔ ነኝ የምወስደው» አለ። ያን ጊዜ ነቃሁ። በውስጡ ያለው ብረት ጥቂት ግራም ቢሆን ነው፤ ከወርቅ ጋር የሚቆጠር ግን ነው፤ ገዢም አለው። ባዶ ማድረግ እኛ ዘንድ የተለመደ ስለሆነ የሚያደርገውን ሰው አልሰድብም። ግን መብራቷ እንደበራች ትኖራለች፤ በኋላ ሌላ ብልሽት ሲመጣ የሚያስጠነቅቅህ የለም። ጭሱም ከኋላህ ለሚሄደው ሰውና በመስኮትህ ለራስህ ነው። እናስብበት ብዬ ሄድኩ።

ነገሩን የቆረጠው ድርቆሹ ነው። ጎረቤታችን ድርቆሽ የሚሸጡ እናት ናቸው፤ ታኅሣሥ ላይ ግቢያቸው በክምር ይሞላል፤ እኔም አጥራቸው ሥር አቆማለሁ። አንድ ማታ ዳገቱን በጭንቅ ወጥቼ አቁሜ ገና በሩን ሳልዘጋ «አንተ ልጅ! ከመኪናህ ሥር እሳት አለ እኮ!» አሉኝ። ጎንበስ ብዬ ሳይ ካታሊስቱ እንደ ፍም ቀልቷል፤ ከሥሩ ያለው ገለባ ቀጭን ጭስ ጀምሯል። እሳቸው ባልዲ ሊያመጡ ሲሮጡ ልጃቸውና እኔ መኪናዋን ወደ ባዶው አፈር ገፋናት። ገለባውን በእግር ረግጠን አጠፋነው። «እማማ ይቅርታ» ስላቸው «ይቅርታው ለእኔ ሳይሆን ለላሞቹ ነው» አሉኝ። ካታሊስቱ የሚያስቸግር መኪና ያለው ሰው ደረቅ ሣር ላይ አያቁም።

በማግስቱ ወደ ጫንጮ አቅጣጫ ግቢያቸው ውስጥ የሚሠሩ አንድ አዛውንት መካኒክ ዘንድ ሄድኩ። ኮምፒውተር የላቸውም ሲባል ሰምተን ነበር ስንሸሻቸው የኖርነው። ታሪኩን ከላቫጆው ጀምሬ ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና መኪናዋ እስክትቀዘቅዝ ቡና አስጠጡኝ። ከዚያ ሥሯ ገብተው ካታሊስቱን በጎማ መዶሻ ቀስ አድርገው መቱት። ደረቅ ሽምብራ በቆርቆሮ ስትበትን የሚሰማው ድምፅ መጣ።

«ተሰባብሯል። አሁን መደፈኑን እንየው» አሉ።

መሣሪያቸውን ስገልጽላችሁ ደስ ይለኛል፤ ማንም ሊሠራው ይችላል። የሞተ ኦክስጅን ሴንሰር ወስደው ውስጡን አውጥተዋል፣ ቀጭን የመዳብ ቱቦ በይደውበታል፣ ጫፉ ላይ የግፊት መለኪያ ሰዓት አስረውበታል። ፊተኛውን ሴንሰር ፈተው ያንን በቦታው አስገቡ። ሴንሰር አንዳንዱ መኪና ላይ በጥርስ ይገባል፣ አንዳንዱ ላይ በሁለት ዳዶ ይታሰራል፤ ስለዚህ ሁለት ዓይነት አላቸው። አስነሳሁ። ሞተሩ ቆሞ ሲሠራ ሰዓቱ ሁለት ፒኤስአይ አሳየ። ጤነኛ መኪና ከ1.5 ማለፍ የለበትም። ዙሩን 2,500 ላይ ያዝ አሉኝ፤ መርፌው እየወጣ ሄዶ ሰባት ላይ ቆመ። ከሦስት ካለፈ መንገዱ ተዘግቷል ማለት ነው። ቀጥለው መሣሪያውን ነቅለው ቀዳዳውን ክፍት አድርገው አስነሱልኝ። ጆሮ ይበጥሳል፤ እጅም ፊትም ወደዚያ እንዳይጠጋ፤ ግን ሞተሩ በአንዴ ትንፋሽ አገኘ፤ ዙሩ እንደ ድሮው ተስፈንጥሮ ወጣ። ከዚያ በላይ ማስረጃ አልፈለግኩም።

ሰዓቱ የሌለው በቫኩም መለኪያም (ሞተሩ አየር የሚስብበትን ኃይል በሚለካው) ይሞክራል፤ ዙሩን ከፍ አድርገህ ስትይዝ ቫኩሙ ቀስ በቀስ እየወረደ ከሄደ መውጫው ተደፍኗል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። መጽሐፉ ላይ ጤነኛ ሞተር ቆሞ ሲሠራ ከ17 እስከ 21 ኢንች (የሜርኩሪ) ያሳያል ይላል፤ ያ የባሕር ዳርቻ ቁጥር ነው። በየ300 ሜትሩ አንድ ኢንች ያህል ይቀንሳል፤ እኛ ዘንድ ከ8 እስከ 12 ካሳየ ጤነኛ ነው። ይህን ሳያውቅ በደህና ሞተር ላይ ቴስታታ (የሞተሩን ራስ) ያስከፈተ ሰው አውቃለሁ።

እኔ ካታሊስት ልገዛ ስነሳ ሽማግሌው ክንዴን ያዙኝ። «ይሄ እኮ ሟቹ ነው፤ ገዳዩን ሳንይዝ ሌላ ብታመጣ እሱንም ይገድለዋል።»

ለካንዴላው እሳት የሚሰጡትን ቦቢናዎች አንድ በአንድ አወጡ። ይህ ሞተር በእያንዳንዱ ካንዴላ ላይ የራሱ ቦቢና አለው። ሦስተኛው ላይ ጎማው ጎን ሽቅብ የወጣች፣ እርሳስ የመሰለች ጥቁር መስመር ነበረች፤ እሳቱ ወደ ካንዴላው በመሄድ ፈንታ በዚያች ስንጥቅ ወደ ብረቱ ሲዘል የኖረበት ፈለግ ነው። ካንዴላው አንገት ላይ የዝገት ቀለበት አለ፤ የላቫጆው ውሃ የተኛበት። ለማረጋገጥ ሦስተኛውን ቦቢና ወደ አንደኛው ሲሊንደር አዛወሩት፤ በእኔ ስልክ ስናነብ ፒ0303 (ሦስተኛው ሲሊንደር እሳት አጥቷል) የነበረው ኮድ ፒ0301 (አንደኛው) ሆነ። ጥፋቱ ከቦቢናው ጋር ሄደ ማለት ነው። ይህች ዘዴ አንድ ሳንቲም አታስወጣም።

የዘይቱንም ነገር አዩ። ዘይት የምትጠጣ መኪና ካታሊስቷን ቀስ ብላ ትገድላለች፤ ዘይቱ ውስጥ ያለው ፎስፈረስ ሽፋኑን ይለብጠዋል። የዚህ ሞተር ቤተሰብ ቀደምት ሞዴሎች በዘይት ጠጪነት ይታወቃሉ። የራዲያተር ውሃ ወደ ሲሊንደር የምታስገባም እንዲሁ። የእኔ በሁለቱም ደህና ነበረች። አንድ ቦቢና፣ አራት ካንዴላ ተቀየረ፤ ጠቅላላው ከዚያ ሴንሰር ያንሳል።

ለካታሊስቱ መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ወረድኩ። አዲስ፣ ለሁሉም የሚሆን የሚባለው አለ፤ ርካሹ ሽፋኑ ስስ ስለሆነ ዕድሜ የለውም። ከመኪና የወጣ ኦርጅናል መረጥኩ። ሻጩ ሦስት አመጣልኝ፤ ሦስቱንም «ኦርጅናል፣ እጅ ያልነካው» አለኝ። የስልኬን መብራት በአንዱ በኩል አብርቼ በሌላው አየሁ። የመጀመሪያው ምንም ብርሃን አያሳልፍም፤ ፊቱ እንደ ብርጭቆ ቀልጦ ተጋግሯል። ሁለተኛው ብርሃኑን እንደ መስኮት ያሳልፋል፤ በጣም ቀለለኝ፤ ጣቴን ሳስገባ ባዶ ቆርቆሮ ነው፤ የነቃው ሰው ከእኔ ቀድሞታል። ሦስተኛው ላይ ብርሃኑ በሺህ ጥቃቅን ቀዳዳ ተከፋፍሎ መጣ፤ ነቀነቅኩት፣ ምንም አልተንኳኳም፤ የውጪው ብረትም በሙቀት ወደ ሰማያዊነት አልተለወጠም። የሞተሩን ልክ፣ የሴንሰሩን ቀዳዳና የመጋጠሚያውን ስፋት ከአሮጌው ፎቶ ጋር አስተያየሁ። ካልሠራ በሁለት ሳምንት ውስጥ እንዲመልስልኝ ደረሰኙ ጀርባ ላይ አጻፍኩት። ሻጩ ሳቀ፤ ግን ፈረመ። የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ስለተከለከለ ያሉንን መኪኖች ይዘን መቆየታችን ነው፤ እንዲህ ዓይነት ደጋግ ዕቃ መምረጥ መልመድ አለብን።

መግጠሙ ግማሽ ቀን ወሰደ። ማታውኑ ቡሎኖቹን ዝገት በሚያላቅቅ ዘይት አርሰናቸው አደርን። ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ በክሪክ አነሷት፤ ክሪክ ብቻውን ስለማይታመን ከሥር የብረት ድጋፍ አስገቡ። የፊተኛው መጋጠሚያ ሞላ ያላቸው ሁለት ቡሎኖች ናቸው፤ አንዱ ተፈታ፣ አንዱ አንገቱ ተበጠሰ፤ እሱን በድሪል ማውጣት ብቻ አንድ ሰዓት በላ። አሮጌው ሲወርድ አዘንብለው አራገፉት፤ የሸክላ ስብርባሪና አንድ የቡና ስኒ የሚያህል ቀልጦ የተጋገረ ድንጋይ ወደቀ። አቧራው ሳንባ ስለሚጎዳ ጭንብል አድርጉ።

ጓርኒሲዮኖቹን (የመጋጠሚያ ማሸጊያዎቹን) አዲስ አድርጉ፤ በአሮጌ አትገላገሉም። ጣሳው ላይ ያለው ቀስት ጭሱ ወደሚሄድበት ይዙር። ከሴንሰሩ በፊት ባለው መጋጠሚያ ላይ ሲሊኮን አትቀቡ፤ ትነቱ ሴንሰሩን ይገድለዋል። መጋጠሚያው በትንሹ እንኳ ካሾለከ አየር ገብቶ ኋለኛውን ሴንሰር ያሳስተዋል፤ ደህናው ካታሊስት «ሞቷል» ይባላል። ሽማግሌው ይህን የሚፈትሹት በሳሙና ውሃ ነው፤ ሞተሩ ገና ሳይሞቅ መጋጠሚያውን ያረጥቡና አንድ ሰው የማርሚታውን ጫፍ በወፍራም ጨርቅ ለአፍታ ይይዛል፤ አረፋ ከተነሳ ቡሎኑ ጠበቅ ተደርጎ ይታሰራል። የሚያሾልክ ቧንቧ ያለው ሰው መስኮት ዘግቶ አይንዳ፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ የሚታወቀው በራስ ምታት ነው፣ እሱም ከታወቀ።

አስነሳናት። ለሩብ ሰዓት የተቃጠለ ዘይት ሸተተ፤ ከእጃችን የቀረው ቅባት ነው። ግፊቱ ቆማ ስትሠራ ከአንድ በታች፣ 2,500 ላይ ሁለት ሆነ። ኮዱን አጠፋን፤ ግን በዚያው ቀን «ዳነች» አላልኩም። ኮምፒውተሩ ካታሊስቱን የሚፈትነው ሞተሩ ሞቆ፣ በአንድ ዓይነት ፍጥነት ለተወሰነ ጊዜ ስትሄድ ነው፤ ከተማ ውስጥ እየቆሙ እየተነሱ ብዙ ቀን ላይደርስ ይችላል። ሁለት ጊዜ እስከ ጫንጮ በ70 ነድቼ ተመለስኩ። መብራቷ አልመጣችም። ኋለኛው ሴንሰር 0.7 ላይ ተኝቷል። በሦስተኛው ቀን ማታ የእንጦጦን ዳገት በሦስተኛ ማርሽ ወጣሁት፤ ሲኖውንም ቀደምኩት፤ ጡሩምባ ነፋሁበት፤ እሱ ምን አጠፋ።

ጎረቤቴ አሁንም አጥራቸው ሥር አያስቆሙኝም። አሮጌው ጣሳ ከተረፈው ሸክላ ጋር በማዳበሪያ ተጠቅልሎ እኔ ጋ አለ። ባለፈው ቅዳሜ ቆራሌው ሲያልፍ አይቶት በብረት ኪሎ ሂሳብ ሊወስደው ጠየቀኝ። አይሆንም ስለው «ጋሼ፣ ዝገት እኮ ነው» እያለ እስከ በሩ ድረስ ዋጋውን ሦስት ጊዜ ጨመረልኝ።